ሩም የጠገበው ሽርጥ

ሰኞ ማታ

ዛሬ እጄ አሳፈረችኝ። ኬክ ላይ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ስጽፍ «እንኳን» ደህና ወጣ፣ «ደስ» ላይ ትንሽ ተወዛወዘ፣ «ያላችሁ» ላይ ስደርስ ፊደሎቹ ጀልባ ላይ የቆሙ ሰዎች መሰሉ። በጠፍጣፋዋ ቢላዋ ፍቄ ደግሜ ጻፍኩት። የኬክ ጽሑፍ ጥሩነቱ ይህ ነው፤ የተሳሳተው ይፋቃል፣ የተፋቀውንም የሚልሰው አይጠፋም። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ባሰ። ደንበኛዋ መጥታ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስትል እኔ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ጋጋሪው ከምድጃው ጀርባ ሆኖ «ሞገድ ይባላል እመቤት፣ አዲስ የመጣ አጻጻፍ ነው» አላት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወሰደችው! በሩ እስኪዘጋ ጠብቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፈራሁ። እዚህ ኬክ ቤት «ጸሐፊዋ» ነው የምባለው። ሌላው ይጋግራል፣ ክሬም ይቀባል፣ ይሸጣል፤ የእኔ ሥራ መጻፍና የስኳር አበባ መሥራት ነው። እጇ የማይታዘዛት ጸሐፊ ምን ትባላለች?

መንቀጥቀጡ ከክኒኖቹ ጋር ነው የመጣው። ባለፈው በጋ ታምሜ ነበር። ቀንና ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ልብሴን ለመንገደኛ አደልኩ፣ አለቃችንን በንጋት እየቀሰቀስኩ ከተማውን የሚያህል ኬክ እንጋግር አልኳቸው። ይዛኝ ሆስፒታል የሄደችው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ናት። ክኒኖቹ ከዚያ መልሰውኛል፣ አልክድም። ሲመልሱኝ ግን እጄን እዚያው አስቀሩት። አፌ ይደርቃል፣ ቀሚሶቼ ጠበቡኝ፣ ከወንበር ስነሣ ግድግዳ ፍለጋ ነው። ረቡዕ ቀጠሮ አለኝ፤ ለዶክተሩ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ

ነገርኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

ከሥራ በቀጥታ ነበር የሄድኩት፤ እትዬ እዚያው ጠበቀችኝ። የሠርግ ወቅት ስለደረሰ ሰሞኑን ዘቢቡንና የብርቱካን ልጣጩን ሩም የሚባለው ኃይለኛ መጠጥ በተሞላ ትልልቅ በርሜል ውስጥ እየዘፈዘፍን ነው። ማገላበጡ የእኔ ድርሻ ነው። ማማሰያ ዘቢቡን ስለሚፈጨው እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከሥር ወደ ላይ አገላብጠዋለሁ። «የሠርግ ኬክ ካልጠጣ አይከርምም» ይላሉ አለቃችን። ኬኩ ይጠጣል፣ እኛ እንሸታለን።

ዶክተሩ መጀመሪያ እጄን አዩ። ከዚያ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«ትጠጫለሽ?»

«ኧረ በፍጹም! እቀምሳለሁ እንጂ አልጠጣም።» የኬኩን ሽሮፕ ጣዕም በማንኪያ ጫፍ እለካለሁ ማለቴ ነበር።

«የሚጠጣ ሁሉ ቀመስ አደረግኩ ነው የሚለው» አሉና ጻፉ።

ስለ በርሜሎቹ ላስረዳ ብል አፌ ደርቆ ምላሴ ተሳሰረ። እሱንም ጻፉት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው «የእጇ መንቀጥቀጥ ከመጠጥ የመጣ ነው። ክኒኑን ሳታቋርጥ መጠጡን ታቁም» አሏት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኛ ቤት ቅቤ በካርቶን ነው የሚመጣው፣ አንዱም አላዳነኝም።



ዓርብ ጠዋት፣ በችኮላ

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ እትዬ በር ላይ ሳመችኝ። አንዱን ጉንጭ፣ ሌላውን ጉንጭ፣ ከዚያ አፍንጫዋ አንገቴ ሥር ቆየ። አሸተተችኝ! እየሳመች አሸተተችኝ! ዛሬ ሽርጤን እዚያው ትቼ እመጣለሁ።

ቅዳሜ

ሽርጡን ትቼው መጣሁ። ፀጉሬ ግን አብሮኝ መጣ።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ እትዬ ቤቱን ስትፈትሽ ደረስኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ያገኘችው ቢኖር የቫኒላ ጠብታዬን፣ ሽቶዬንና ቁስል የሚጠረግበትን አልኮል ነው። ሦስቱንም ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ከእንግዲህ ጣቴ ቢቆረጥ ቁልፍ እስኪመጣ በትዕግሥት መድማት አለብኝ።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን በጉልበቷ ተንበርክካ እጇን አልጋዬ ሥር ሰድዳ ስትዳብስ ሳያት አባባ ትዝ አለኝ። አባባ አምሽቶ ሲመጣ በሩን የምትከፍትለት እሷ ነበረች። ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ እኔን ታስተኛኝ ወይ ትደብቀኝ እንደሆነ ትወስናለች። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ፣ ብዙም አላስታውስ። እሷ ናት የምታስታውሰው። አፌን ዘጋሁና ሻይ አፈላሁላት።

ማክሰኞ

ደረጃው ላይ የታችኛዋ ጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ስትነግራት ሰማሁ። «ታናሽየዋ እኮ ናት። እንዲህ ያለች ደስ የምትል ልጅ፣ መጠጥ በላት!» ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት። እትዬ ለማን እንደነገረች አልጠየቅኳትም። በአጠገባቸው ሳልፍ ሆን ብዬ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ፣ ቀጥ ብዬ ለመራመድ ስታገል የመጨረሻዋን ደረጃ ሳትኳት። እነሱም ተያዩ።

ሥራ ቦታ ደግሞ አለቃችን ትልቅ ትእዛዝ ይዘው መጡ። ባለ አራት ደርብ የሠርግ ኬክ፣ ዙሪያውን የስኳር አበባ፣ አናቱ ላይ የሙሽሮቹ ስም። ድሮ ቢሆን በደስታ እዘል ነበር። አለቃችን እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እንደምወድሽ ታውቂያለሽ። ግን ሙሽራ በሞገድ አትዳርም። እስከ ሠርጉ እጅሽ ካልረጋ ከሌላ ቤት ሰው አመጣለሁ፤ አንቺ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ትሆኛለሽ።»

«እሺ» አልኩ። ዕቃ ማጠብ የሚያዋርድ ሥራ ሆኖ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር መጻፍ ብቻ ስለሆነ ነው። ጓዳ ውስጥ ትንሽ አለቀስኩና ሽንኩርት ነው አልኩ። ኬክ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እንደሌለ ጋጋሪው አስታወሰኝ።

ያበላሸኋቸውን ኬኮች ሁሉ እሱ እየገዛ ወደ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ጣፋጭ ሲወድ!

ሐሙስ

ብቻዬን ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ገላዬን ሁለቴ ታጥቤ፣ ፀጉሬን በሎሚ አሽቼ፣ ልብስ ቀይሬ ነው። ሎሚ ሎሚ እየሸተትኩ ገባሁ።

«ዛሬ ጥሩ ነሽ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «አልጠጣሽም።»

«ትናንትም አልጠጣሁም።»

«በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥይ።»

ክኒኑን ከመጀመሬ በፊት እጄ መንቀጥቀጥ እንዳልነበረባት ነገርኳቸው። መጠጥ ነው። አፌ ይደርቃል አልኩ። መጠጥ። ስነሣ ያዞረኛል አልኩ። መጠጥ። ጫማዬ ቀዳዳ አበጅቷል ብላቸውም መልሱ ያው ይሆን ነበር። ያቺ ቃል አንዴ ከተጻፈች ወዲህ እኔን የሚሰማኝ የለም፣ ለሁሉም እሷ መልስ ትሰጥልኛለች።

«ክኒኑ ትንሽ ቢቀነስልኝስ?»

«መጀመሪያ መጠጡን አቁሚ፣ ከዚያ እናያለን።»

ያልጀመሩትን እንዴት ነው የሚያቆሙት? ለማቆም ስል ልጀምር ነው።

እሁድ

የማታዋን ክኒን ረሳሁ። ሰው አይደለሁ?

ሰኞ

ዛሬም ረሳሁ። የጠዋቷንም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ረቡዕ

እጄ ጸጥ አለች! በቸኮሌት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ጻፍኩ፣ አንዷም አልተንቀሳቀሰች። ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ አይቶ «ምን ተገኘ?» አለኝ። «ዕረፍት» አልኩት። አለቃችን ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው ሄዱ፣ ኬኩ የእኔ ነው ማለት ነው።

ለእትዬም እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አየሽ? መጠጡን ስትተዪ!» አለችና እቅፍ አደረገችኝ። ምን ልበላት? እሷ ደስ ካላት እኔ ምን ቸገረኝ።

ዓርብ፣ ሊነጋ ሲል

ወፎቹን የቀሰቀስኳቸው እኔ ነኝ! አልጋ ምን ሊያደርግ እንደተሠራ እስካሁን አልገባኝም። ከማታ ጀምሬ የስኳር አበባ ስሠራ ነበር፤ ጽጌረዳ፣ ሱፍ፣ ስሙን የማላውቀው ከህልሜ የመጣ አበባ (ሳልተኛ ህልም! ይህን ለጋጋሪው መንገር አለብኝ)። ጠረጴዛው ሞላ፣ ወንበሮቹ ሞሉ፣ ሁለቱን የእትዬ ጫማ ውስጥ አስቀመጥኩላት፣ ስታገኛቸው እንድትስቅ። ደግሞ ሐሳብ መጣልኝ። ኬክ ላይ ስም ብቻ ለምን ይጻፋል? ሙሉ ታሪክ ይጻፍ! በየቁራሹ አንድ አንድ ምዕራፍ፣ ሰው መጨረሻውን ለማወቅ ሲል ይበላል፣ ሠርገኛው ሁሉ ቁራሽ ይዞ እየዞረ «ያንተ ላይ ልጅቷ ምን ሆነች?» ይባባላል። ለአለቃችን ደወልኩ፣ አላነሱም። ደግሜ ደወልኩ። ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ እየመጣለት እንዴት ይተኛል? በመስኮት ሳይ መንገድ ጠራጊዋ እግሯ ርሷል፤ ወርጄ አዲሱን ቦት ጫማዬን ሰጠኋት፣ እምቢ ስትል እየሮጥኩ ተከትዬ ሰጠኋት። እጄ ግን፣ እጄ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብላለች! እንደዚህ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ቅዳሜ

እትዬ ጫማ ስታደርግ አበባዎቹ ተሰበሩ። አልሳቀችም።

«ተኝተሻል?» ጋጋሪው። ሦስቴ ጠየቀኝ። ሦስቴ ሳቅኩበት። «ባለፈው በጋም እንዲህ ነበር የምትስቂው» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

«ለእህትሽ አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልንገራት?» አለ። ማናችንም አልኩት።

ነገራት! ከዳተኛ!

እትዬ ኬክ ቤቱ ድረስ መጣች። በርሜሎቹ ያሉበት ክፍል ገብታ ቁጭ። እኔ አወራሁ። ስለ ታሪኩ ኬክ። ስለ ሁሉ ነገር።  ከዚያ ቀስ ብላ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እኮ እህቴ» አለችኝ። ተናደድኩ። የክሬም መጻፊያ ከረጢቱን ወረወርኩት፣ ክሬሙ ጣራው ላይ ነው። ጋጋሪው «እሱንም ሞገድ እንበለው?» አለ። አልሳቅኩም። ቆይቼ ግን ሳቅኩ፣ ሳቁ አልቆም አለኝ፣ ወደ ለቅሶ ሄደ።

ረቡዕ

ብዙ ተኝቻለሁ። የሆነውን በወጉ ልጻፍ።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ እጄን ይዛ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። ገና ከመቀመጣችን አጠገባችን ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ተነሣች። ያየችው ግን እኔን አልነበረም፣ እትዬን ነበር! እትዬን፣ በዘመኗ አንዲት ጠብታ ያልቀመሰችውን! ደረጃው ላይ ደግሞ የታችኛዋ ጎረቤት ጠጋ ብላ ሰላም ካለቻት በኋላ ደንግጣ «ውይ፣ እርስዎም?» አለቻት። እትዬ የኮቷን እጅጌ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ብዙ ቆየች። የሷ ፊት እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ማታ ክኒኔን በእጇ ይዛ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስንት ቀን ሆነሽ?» አለችኝ።

ሰኞ ዶክተሩ ጋ ገባን። እትዬ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ከፌስታል አንድ ጥቅልል አወጣችና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ እባክዎ ያሽትቱት።»

«ምንድነው?»

«ሽርጧ ነው። በዚያ ቤት ጠጪ ካለ እሱ ነው።»

አሸተቱ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። እትዬ ኮቷን ደግሞ ዘረጋችላቸው። «ይሄ የእኔ ነው። እዚያ ክፍል ትንሽ አረፍ ብዬ ነው የወጣሁት፣ ሰው አውቶቡስ ላይ ሸሸኝ። እኔም እንደ እርስዎ በአፍንጫዬ ነው የፈረድኩባት። እርስዎ አንድ ቀን ነው፣ እኔ በየማታው።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ። መሀረብ ፈልጌ አጣሁና ሽርጡን ሰጠኋት። በሽርጡ እንባዋን ስትጠርግ ሩሙ ዓይኗን አቃጠላት፣ ይብስ አለቀሰች፣ ሦስታችንም ሳቅን።

ዶክተሩ ግን ቶሎ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «ክኒኑንስ?» አሉኝ።

«እረሳለሁ።»

እትዬ አየችኝ።

«አልረሳሁም» አልኩ። «ተውኩት። እጄን ፈልጌ ነው።»

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ «ረሳሁ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ማንን ልዋሽ ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ክኒኑ እጅ ያንቀጠቅጣል። አፍ ያደርቃል። ስጀምርልሽ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አንቺ ስትነግሪኝ ደግሞ ልሰማሽ ይገባ ነበር። መጠጥ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ሌላ ነገር መፈለግ ተውኩ። በድንገት መተውሽ ግን ከእጅሽ የበለጠ ነገር ሊያሳጣሽ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጠብ ካለሽ ከክኒኑ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር ተጣዪ።»

ከድሮው ባነሰ መጠን ልጀምር ነው፣ ደሜም እየተመረመረ ይታያል። እንቅልፍ የሚያመጣም ለጥቂት ጊዜ ሰጡኝ።

«ያ የጻፉትስ?» አልኳቸው።

«እሱ አይፋቅም። ከሥሩ እርማት እጽፋለሁ።»

«እኛ ጋ በቢላዋ ይፋቃል።»

«ታድላችኋል» አሉ። ጽፈው ሲጨርሱ አነበቡልኝ፤ ሽታው የሥራዋ ነው፣ መንቀጥቀጡ የመድኃኒቱ ነው፣ አትጠጣም የሚል። ደስ አለኝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የላይኛዋ ቃል እዚያው ቁጭ ብላለች፤ ሌላ ሐኪም ቢመጣ ደግሞ ከላይ ነው የሚጀምረው። ቢያንስ ወደ ታች እንዲያነብ እኔ እነግረዋለሁ።

ሰኞ

እጄ ተመልሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ክሬሙ ይወዛወዛል እንጂ አይሸሽም። ጭንቅላቴ ደግሞ ዝም ብሏል። የታሪኩ ኬክ ሐሳብ አሁንም አስቂኝ ይመስለኛል፣ ግን አለቃችንን በንጋት የሚያስቀሰቅስ አይደለም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ሁለተኛው ጥሪ ላይ እኮ ነቅቼ ነበር» አሉኝ። «ትንሽ ፈርቼ ነው ያላነሣሁት።»

የሠርጉ ኬክ እንዴት እንደሚሆን ጠየቁኝ። «ስጡኝ፣ ካቃተኝ ራሴ ማጠቢያው ጋ እሄዳለሁ» አልኩ። አሰቡና «እሺ» አሉ።

ዓርብ ማታ

አለቀ! አራቱም ደርብ!

የእጄን አንጓ በተደፋ ኩባያ ላይ አሳረፍኩና እጄን ሳይሆን ኬኩን እናንቀሳቅስ አልኩ። ጋጋሪው ኬኩ የቆመበትን መሽከርከሪያ ያዘልኝ፤ «ቀኝ» ስለው ወደ ቀኝ፣ «ቁም» ስለው ትንፋሹን እንኳ ይይዛል። የሙሽሮቹን ስም እንዲያ ጻፍነው። አንዷ ፊደል ላይ ጭራዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ቢላዋውን አነሣሁ፣ አየኋት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ትኑር። አለቃችን መነጽር አድርገው አዩና «ሙሽራዋም እኮ ያን ቀን እጇ ይንቀጠቀጣል» አሉ።

ሻጯ ልጅ ስናጸዳ አንድ ነገር ነገረችኝ። ጋጋሪው የስኳር በሽታ አለበት፣ ጣፋጭ በአፉ አይዞርም አለች። ታዲያ ያን ሁሉ የተበላሸ ኬክ ማን በላው? ለጎረቤቶቹ አድሎት ይሆናል፤ ሲወዱት!

ማክሰኞ

የሞገዷ ሴትዮ ተመልሳ መጣች። ለእህቷም በሞገድ እንድጽፍላት ፈለገች። ሆን ብዬ ባንቀጠቅጥ ባንቀጠቅጥ አልመጣም አለ፣ ፊደሎቹ የምር የሰከሩ መሰሉ። ጋጋሪው «ሞገዱ ዛሬ ማዕበል ሆኗል እመቤት» አላት። እሱንም ወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ በርሜሎቹን አገላበጥኩ፣ የመጨረሻው ዙር ነው። ሽርጤን ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ፣ መታጠብ ስላለበት። ፀጉሬን ሎሚ አላስነካሁትም፣ ደክሞኝ ነበር። ደረጃው ላይ የታችኛዋ ጎረቤት ስታየኝ «እንደምን አመሸሽ» አለችና ጉንጬን ስማ አለፈች፤ እትዬ ነግራት መሆን አለበት።

እትዬ በሩን ከፈተች። አንዱን ጉንጭ ሳመችኝ። ሌላውን ጉንጭ ሳመችኝ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ አፍንጫዋን ጠበቅኩ፣ ለምዶብኛል። አልመጣም። ሽርጡን ከእጄ ተቀብላ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

«እትዬ» አልኳት፣ «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልያዘኝ» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ግቢና ራት ብዪ።»